ዌብ ሰርቨርን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ አስነሥተው መረዳት፦ ለጀማሪ የዌብ ፕሮግራመሮች የተዘጋጀ መመሪያ

ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ መማር የጀመረ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ሰርቨር የሚባል ነገር ሳያስፈልገው መቆየት ይችላል። ፋይሉን ጽፎ ያስቀምጣል፣ ሁለት ጊዜ ክሊክ ያደርገዋል፣ ብራውዘሩም ገጹን ከፍቶ ያሳየዋል። ችግሩ የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው። ፒኤችፒ ሲጀምር የጻፈው ኮድ ሳይሠራ እንዳለ ተዘርግፎ ይታየዋል፤ ጃቫስክሪፕቱ ሌላ ፋይል ሊያነብ ሲሞክር ብራውዘሩ ይከለክለዋል፤ ተሞልቶ የተላከው ፎርም የት እንደገባ አይታወቅም። በዚህ ጊዜ አንድ የሚያውቅ ጓደኛ «ዛምፕ ጫን» ይለዋል። ይጭናል፣ ሁለት ቁልፎችን ይነካል፣ ስሞቹ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ገጹም ይሠራል። ነገር ግን ምን እንደተነሣና ማን ለማን ምን እንደላከ በዓይኑ ስላላየ፣ በማግስቱ አንድ ነገር ሲበላሽ ከየት ጀምሮ መፈለግ እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

በእኔ አስተያየት ጀማሪ ከዛምፕ ባይነሣ ይሻላል። ዛምፕ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ አፓቼ የተባለውን ዌብ ሰርቨር፣ ማሪያዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ፣ እንዲሁም ፒኤችፒና ፐርል የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ ስለሚጭን የትኛው ምን እንደሚሠራ ለይቶ ለማየት አያመችም እንጂ። በዚህ መመሪያ የምንጠቀመው ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን ትንሽ ዌብ ሰርቨር ነው። የሚያስፈልግዎት ፓይተን 3 የተጫነበት ኮምፒውተር፣ አንድ ብራውዘርና እንደ ቪኤስ ኮድ ያለ የኮድ መጻፊያ ብቻ ነው። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ወይም ዳታ ቢያልቅ የሚጎድል ነገር የለም። ትዕዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ የምጽፋቸው በንባባቸው ነው፤ እርስዎ በኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል፣ ክፍተት ካልተጠቀሰ በስተቀር አያይዘው ይጻፏቸው።

ሰርቨር ማሽን ነው ወይስ ፕሮግራም?

ሁለቱም በዚሁ ስም ስለሚጠሩ ብዙ ጀማሪ ሰርቨር ሲባል በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የተደረደረ ትልቅ ብረት ብቻ ይመስለዋል። ለፕሮግራመር የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ትርጉም ነው፦ ዌብ ሰርቨር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተነሥቶ ጥያቄ የሚጠብቅ፣ በኤችቲቲፒ ደንብ የተጻፈ ጥያቄ ሲደርሰው አንብቦ በዚያው ደንብ መልስ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የተጫነበት ማንኛውም ኮምፒውተር፣ የእርስዎ አሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን፣ ለዚያ ጊዜ ሰርቨር ይሆናል። የመጀመሪያው ዌብ ሰርቨር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ የተነሣው ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል የዕለት ሥራውን ይሠራበት በነበረ ኔክስት ኮምፒውተር ላይ ነበር። አላፊ አግዳሚው እንዳያጠፋበትም «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ አታጥፉት!» የሚል ወረቀት በቀይ ቀለም ጽፎ ለጥፎበት ነበር። ወረቀቱ ቀልድ አልነበረም፤ ያ ኮምፒውተር ቢጠፋ በጊዜው የነበረው ዌብ በሙሉ ይጠፋ ነበር።

ደረጃ 1፦ ፎልደርና ሁለት ፋይሎች ያዘጋጁ

ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ፎልደር ይፍጠሩና በላቲን ፊደል «ሙከራ» ብለው ይሰይሙት። በውስጡ ኢንዴክስ ነጥብ ኤችቲኤምኤል የሚባል ፋይል ይክፈቱ፤ በውስጡም በትልቅ ርዕስ መለያ፣ ማለትም በኤች 1፣ መካከል «ሰላም» ብለው ብቻ ይጻፉ። የለመዱትን ሄድ፣ ቦዲና ሜታ የመሳሰሉትን መለያዎች ለጊዜው ይተዋቸው፤ ሆን ብለን የምናጎድለው ነገር ስላለ ነው። ቀጥሎ ሰላም ነጥብ ቲኤክስቲ የሚባል ሁለተኛ ፋይል ይፍጠሩና ምንም መለያ፣ ክፍተትም ሆነ አዲስ መስመር ሳይጨምሩ «ሰላም» የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ብቻ አስፍረው ያስቀምጡ።

አሁን የኤችቲኤምኤሉን ፋይል ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው በክሮም ይክፈቱትና የአድራሻውን መስመር ይመልከቱ። የሚጀምረው «ፋይል» በሚለው ቃል ነው። ብራውዘሩ ፋይሉን ከዲስክ ላይ ራሱ አንብቧል፤ ማንንም አልጠየቀም፣ ማንም አልመለሰለትም።

ደረጃ 2፦ ሰርቨሩን ያስነሡ

ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ይክፈቱ፤ በዊንዶውስ ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕትን ይጠቀሙ። ሲዲ በሚለው ትዕዛዝ ወደ ሙከራ ፎልደር ይግቡ። ከዚያ በዊንዶውስ «ፓይ» (ፒ እና ዋይ)፣ በማክና በሊኑክስ «ፓይተን 3» ብለው፣ ክፍተት፣ ዳሽ ኤም፣ ክፍተት፣ ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር፣ ክፍተት፣ 8000 ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ዊንዶውስ የፋየርዎል ጥያቄ ካመጣ ለግል ኔትወርክ ብቻ ይፍቀዱለት።

በፖርት 8000 ላይ አገልግሎት መጀመሩን የሚገልጽ አንድ መስመር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር የለም። ተርሚናሉ ትዕዛዝ አይቀበልም፣ ጠቋሚው ባለበት ቆሞ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የተሰናከለ መስሎት መስኮቱን ይዘጋዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ዌብ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ጥያቄ እስኪመጣ በመጠበቅ ነው፣ አሁን የሚያዩትም እሱን ነው። መስኮቱን ከዘጉት ሰርቨሩም አብሮ ይሞታል።

ደረጃ 3፦ በብራውዘር ይጠይቁት

አዲስ ታብ ከፍተው ኤችቲቲፒ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት እዝባር፣ ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 8000 ብለው ይጻፉ። ገጹ ይከፈታል፤ ነገር ግን በ«ሰላም» ፈንታ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በላዩ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ከባርኔጣ መሳይና ከዲግሪ ምልክት ጋር እየተፈራረቀ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያው ፋይል በትክክል ተነቧል። ፋይሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመጣበት መንገድ ነው። ምክንያቱን በደረጃ 5 በዓይንዎ ስለሚያዩት አሁን ለማስተካከል አይቸኩሉ።

አድራሻውን ግን ከፋፍሎ ማየት ይገባል። ኤችቲቲፒ የሚለው የመነጋገሪያውን ደንብ ይገልጻል። ሎካልሆስት ማለት «ይኸው ኮምፒውተር» ማለት ሲሆን በቁጥር 127.0.0.1 ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ አድራሻ የሚላክ ጥያቄ ከኮምፒውተሩ አይወጣም። 8000 ፖርቱ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ጥያቄ ሊጠብቁ ስለሚችሉ፣ ባለጉዳይ በመሥሪያ ቤት ውስጥ የመስኮት ቁጥር አይቶ እንደሚሰለፍ ሁሉ፣ ጥያቄውም በፖርት ቁጥሩ ወደሚመለከተው ፕሮግራም ይደርሳል። በየቀኑ የምንከፍታቸው ድረ ገጾች ላይ ይህን ቁጥር የማናየው ለኤችቲቲፒ 80፣ ለተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ 443 የታወቁ ስለሆኑ ብራውዘሩ ራሱ ስለሚሞላቸው ነው። እኛ 80ን ያልተጠቀምነው ደግሞ በሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶችን ለመያዝ በተለምዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚጠየቅ ነው።

ከፖርቱ በኋላ የሚመጣው እዝባርና የፋይል ስም መንገዱ ነው። ይህ መንገድ የሚቆጠረው ሰርቨሩ ከተነሣበት ፎልደር ጀምሮ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ዲስክ መነሻ አይደለም። ምንም ስም ካልተጻፈ ሰርቨሩ በልማድ ኢንዴክስ ነጥብ ኤችቲኤምኤልን ይፈልጋል፤ ካገኘ እሱን ይልካል። ካላገኘስ? የፓይተኑ ሰርቨር በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል። የኢንዴክስን ስም ለጥቂት ጊዜ ለውጠው ይሞክሩት፤ ይህ ዝርዝር በእውነተኛ ድረ ገጽ ላይ ሳይታሰብ ክፍት ሲቀር የስንት ሰው የመጠባበቂያ ፋይል ለአላፊ አግዳሚው እንደሚጋለጥ ያኔ ይገባዎታል።

ደረጃ 4፦ ሎጉን ያንብቡ

ወደ ተርሚናሉ ይመለሱ። ጸጥ ብሎ የነበረው መስኮት አሁን መስመሮች አሉበት፤ ሎግ የሚባለው ይህ የጥያቄዎች መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ነው፦ ከማን እንደመጣ በአይፒ አድራሻ፣ መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደተጠየቀና በመጨረሻ ምን ዓይነት መልስ እንደተሰጠ በሦስት አሃዝ ቁጥር ይገልጻል። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ጌት» የሚል ቃል፣ አንድ እዝባርና 200 የሚል ቁጥር ያገኛሉ። ጌት «ይህን ስጠኝ» የሚል ጥያቄ ነው፤ 200 ደግሞ «ይኸውልህ» የሚል መልስ።

ከሥሩ ብዙ ጊዜ እርስዎ ያልጠየቁት ሌላ መስመር ይኖራል፤ ፋቪኮን ነጥብ አይኮ የሚባል ፋይል ተፈልጎ 404 ተመልሷል። ይህን የጠየቀው ብራውዘሩ ነው፤ በታቡ ላይ የሚያስቀምጠውን ትንሽ ምልክት በራሱ ፈቃድ ሲፈልግ ነው። የጠቀስኩት ነገሩ ራሱ አሳሳቢ ስለሆነ አይደለም። ብራውዘርና ሰርቨር ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሐሳብ አያውቅም፣ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርጉት በ200 ፈንታ 304 ሊያዩ ይችላሉ። ብራውዘሩ ቀድሞ የወሰደውን ቅጂ ይዞ «ከዚያ ወዲህ ተለውጧል?» ብሎ ጠይቋል፤ ሰርቨሩም «አልተለወጠም» ብሎ ፋይሉን ሳይልክ መልሷል። በውድ ዳታ ለሚጠቀም ጎብኚ ይህች አጭር ምልልስ ብዙ ታተርፍለታለች። ፕሮግራመሩን ግን ኮድ ለውጦ ለውጡ ሳይታየው ሲቀር ታበሳጨዋለች። ብራውዘሩ አንዳንዴ ጨርሶ ሳይጠይቅ በያዘው ቅጂ ሊሠራም ይችላል። ይህን ከጠረጠሩ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አርን በአንድነት ተጭነው ገጹን እንደ አዲስ ያስመጡት።

አሁን በገጹ ላይ አንድ ፎቶና አንድ የሲኤስኤስ ፋይል ይጨምሩና ደግመው ይክፈቱት። ሎጉ ላይ የሚጨመረው አንድ መስመር አይደለም፤ ለኤችቲኤምኤሉ አንድ፣ ለሲኤስኤሱ አንድ፣ ለፎቶው አንድ ነው። ሰርቨሩ «ገጽ» የሚባል ነገር አያውቅም። ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ተቀብሎ ሲያነብ ሌሎች ፋይሎች እንደተጠቀሱ ያያል፣ ተመልሶም ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠይቃል። «ገጹ መጥቶ ፎቶው አልመጣም» የሚባለው ችግር የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መፍትሔውም ኮዱ ላይ ማፍጠጥ ሳይሆን በሎጉ ውስጥ የፎቶውን መስመር ፈልጎ ቁጥሩን ማየት ነው። የብራውዘሩ የፕሮግራመር መሣሪያዎች ውስጥ፣ ኤፍ 12 ሲጫኑ በሚከፈተው፣ ኔትወርክ የሚለው ክፍል ይህንኑ ዝርዝር ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ያሳያል።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውንና መልሱን እንዳለ ይዩ

እስካሁን ያየነው ማጠቃለያውን ነው። ሙሉውን ለማየት ሰርቨሩን ሳያጠፉ ሁለተኛ ተርሚናል ይክፈቱና ከርል (ሲ፣ ዩ፣ አር፣ ኤል)፣ ክፍተት፣ ዳሽ ቪ፣ ክፍተት ብለው፣ ከዚያ ቀደም ያለውን አድራሻ እስከ 8000 ጽፈው እዝባርና ሰላም ነጥብ ቲኤክስቲ ይጨምሩ። ከርል ያለ ብራውዘር ከተርሚናል ሆኖ ሰርቨርን የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው፤ በማክና በአዳዲስ ዊንዶውሶች ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ በሊኑክስ ከሌለ በቀላሉ ይጫናል። በዊንዶውስ ፓወርሼል ውስጥ ግን ይኸው ስም ለሌላ ትዕዛዝ የተሰጠ ሊሆን ስለሚችል ኮማንድ ፕሮምፕትን መጠቀም ይመረጣል።

ወደ ቀኝ በሚያመለክት የቀስት ምልክት የሚጀምሩት መስመሮች የተላኩት ናቸው። የመጀመሪያው ጌት፣ መንገዱና የኤችቲቲፒው እትም ነው። ሁለተኛው «ሆስት» ይባላል፤ የየትኛው ድረ ገጽ እንደተፈለገ ይናገራል። አንድ ሰርቨር በአንድ አይፒ አድራሻ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን ሊያስተናግድ የሚችለው በዚህች መስመር ለይቶ ስለሚያውቃቸው ነው፤ ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ የሚባለው አገልግሎት የቆመው በእሷ ላይ ነው። የቀሩት ጠያቂው ማን እንደሆነና ምን ዓይነት መልስ እንደሚቀበል ይገልጻሉ። ከዚያ ባዶ መስመር ይመጣል፤ ባዶው መስመር «ጨርሻለሁ» ማለት ነው።

ወደ ግራ በሚያመለክት የቀስት ምልክት የሚጀምሩት የመጡት ናቸው። የመጀመሪያው መስመር 200 እና ኦኬ የሚል አለበት። ቀጥሎ የሰርቨሩ ስም፣ ከዚያም ቀንና ሰዓት አለ። ሰዓቱ የተሳሳተ እንዳይመስልዎት፤ በኤችቲቲፒ ደንብ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይላል። ከዚያ ሁለት ልብ ሊባሉ የሚገባቸው መስመሮች ይመጣሉ።

አንደኛው ኮንቴንት ሌንግዝ ነው፤ የተላከውን መጠን ይናገራል፣ ቁጥሩም 9 ነው። የጻፉት ግን ሦስት ፊደል ነው። ሰርቨር የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ውስጥ ከገባ ወዲህ ዩቲኤፍ 8 በተባለው ደንብ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በላቲን ፊደል አንድ መስክ 30 ባይት ይበቃዋል ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም የአማርኛ ስም ሲገባበት ከአሥር ፊደል በኋላ የሚቆርጠው በዚህ የተነሣ ነው። የእርስዎ ቁጥር 10 ወይም 11 ከሆነ በመጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ገብቷል ማለት ነው፤ 12 ከሆነ ኮድ መጻፊያው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ጨምሯል።

ሁለተኛው ኮንቴንት ታይፕ ነው፤ የተላከው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ጽሑፍ ነው ኤችቲኤምኤል ወይስ ፎቶ፣ ይናገራል። እዚህ ላይ የደረጃ 3 እንቆቅልሽ ይፈታል። መስመሩ ጽሑፍ መሆኑን ይናገራል እንጂ በምን ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጥ በየትኛው ደንብ፣ እንደተጻፈ አይናገርም። ካልተነገረው ብራውዘሩ ከጥንት የቀረውን የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ይገምታል፣ ዘጠኙን ባይቶችም አንድ በአንድ እንደ ላቲን ፊደል ያነባቸዋል። ያ ጭረት ያለበት ኤ በየሦስቱ ባይት መጀመሪያ ላይ የሚመላለሰውም የተለመዱት የኢትዮጵያ ፊደሎች ሁሉ በዩቲኤፍ 8 በአንድ ዓይነት ባይት ስለሚጀምሩ ነው። ፋይሉን ከዲስክ ሲከፍቱት ብራውዘሩ ሙሉውን ይዘት መርምሮ ኢንኮዲንጉን ለመገመት ይሞክራል፤ ከሰርቨር ሲመጣ ግን ላኪው እንዲነግረው ይጠብቃል። መፍትሔው በኢንዴክስ ፋይሉ አናት ላይ የዩቲኤፍ 8ን ሜታ መለያ መጨመር ነው። መለያው ከፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መሆን ስላለበት ከሄድ ቀጥሎ ይጻፉት። የተሻለው ግን ሰርቨሩ ራሱ በኮንቴንት ታይፕ ውስጥ እንዲናገር ማድረግ ነው፤ በትልልቆቹ ሰርቨሮች በአፓቼና በኤንጂንኤክስ ይህ በአንድ የማስተካከያ መስመር የሚደረግ ነው።

ደረጃ 6፦ ሆን ብለው ያበላሹት

ይህን ደረጃ ባይዘሉት እመክራለሁ። በመጀመሪያ የሌለ ፋይል ይጠይቁ፤ 404 ይመለሳል። ከዚያ በሰርቨሩ መስኮት ውስጥ ኮንትሮልና ሲን ተጭነው ሰርቨሩን ያጥፉትና ገጹን እንደገና ይጠይቁ። አሁን 404 አይመጣም፤ ብራውዘሩ ግንኙነቱ እንዳልተሳካ የሚገልጽ የራሱን ገጽ ያሳያል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፦ 404 በሕይወት ያለ ሰርቨር የሰጠው መልስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን መልስ የሚሰጥ በቦታው አለመኖሩን ያሳያል። «ድረ ገጻችን አይሠራም» የሚል መልእክት ሲደርስዎት መጀመሪያ መለየት ያለብዎት ይህንኑ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ወደ ፋይልና ወደ አድራሻ፣ ሌላው ወደ ሰርቨሩ፣ ወደ ኔትወርኩ ወይም ወደ ዶሜይኑ ይመራዎታል።

ሰርቨሩን እንደገና አስነሥተው በማክ ወይም በሊኑክስ በሌላ ተርሚናል በዚያው ፖርት ሁለተኛ ሰርቨር ለማስነሣት ይሞክሩ። አድራሻው ተይዟል ብሎ ይመለሳል። አንድ ፖርት ለአንድ ፕሮግራም ነው፤ ዛምፕ ሲነሣ አፓቼ ወዲያው የሚጠፋባቸው ሰዎች በአብዛኛው ያጋጠማቸው ፖርት 80ን ወይም 443ን ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ መያዙ ነው።

በመጨረሻ ፖስት የሚል ዘዴ ያለው ፎርም ሠርተው ይላኩ። የፓይተኑ ሰርቨር 501 ይመልሳል፤ ይህን ዓይነት ጥያቄ ማስተናገድ አልችልም ማለቱ ነው። ፋይል ማንበብና መላክ እንጂ የተላከለትን ተቀብሎ አንድ ነገር መሥራት አያውቅበትም።

ደረጃ 7፦ ፋይል ከመላክ ወደ ኮድ ማሠራት

ሰዓት የሚያሳይ አንድ መስመር የፒኤችፒ ኮድ ጽፈው በሙከራ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡና በፓይተኑ ሰርቨር በኩል ይጠይቁት። የሚመጣልዎት ኮዱ ራሱ ነው፤ ወይ እንደ ጽሑፍ ይታያል ወይ ዳውንሎድ ይደረጋል። ለሰርቨሩ ተራ ፋይል ነው የመሰለው። አሁን ፒኤችፒ ከተጫነልዎት የፓይተኑን አጥፍተው ፒኤችፒ፣ ክፍተት፣ ዳሽና ትልቁ ኤስ፣ ክፍተት፣ ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 8000 ብለው ከፒኤችፒ ጋር የሚመጣውን ሰርቨር በዚያው ፎልደር ያስነሡና ያንኑ አድራሻ በከርል ይጠይቁ። በመልሱ ውስጥ የፒኤችፒ ኮድ የሚባል ነገር የለም፤ ውጤቱ፣ ሰዓቱ ብቻ ነው ያለው።

ጃቫስክሪፕትና ፒኤችፒ የት እንደሚሠሩ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የፒኤችፒ ኮድ የሚሠራው መልሱ ከመላኩ በፊት ሰርቨሩ ዘንድ ነው፤ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል በውስጡ ቢኖር ጎብኚው አያየውም። ጃቫስክሪፕት ግን በገጹ ላይ ሲጻፍ እንዳለ ይላክና በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ ይሠራል፤ ስለዚህ በውስጡ ምስጢር ማስቀመጥ ለማንም እንደማደል ነው። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ዘንድ የሚያሠራው ኖድ ጄኤስም ሆነ የፓይተኖቹ ጃንጎና ፍላስክ በዚህ ረገድ ከፒኤችፒ ወገን ናቸው።

ደረጃ 8፦ ከስልክዎ ይክፈቱት

ኮምፒውተሩና ስልኩ በአንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። የስልክዎን ሆትስፖት ከፍተው ኮምፒውተሩን ማገናኘትም ይበቃል፤ ዳታ ማብራት አያስፈልግም። በዊንዶውስ አይፒኮንፊግ በሚለው ትዕዛዝ፣ በማክና በሊኑክስ ከኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ፣ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። የፓይተኑን ሰርቨር እንደገና ያስነሡና በስልኩ ብራውዘር ላይ ኤችቲቲፒ ብለው ያንን ቁጥር፣ ሁለት ነጥብና 8000 ይጻፉ። ሎጉ ላይ አሁን የሚታየው 127.0.0.1 ሳይሆን የስልኩ አድራሻ ነው። የፒኤችፒውን ሰርቨር ሎካልሆስት ብለው ስላስነሡት በስልክ አይከፈትም፤ የፓይተኑ ግን ካልከለከሉት በስተቀር በኮምፒውተሩ አድራሻዎች ሁሉ ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ በካፌ ወይም በሆቴል ዋይፋይ ላይ፣ በተለይም የግል ሰነዶች ባሉበት ፎልደር ውስጥ ሆነው አያስነሡት።

ሌላ ከተማ ያለ ጓደኛዎ በዚህ ቁጥር ሊከፍተው አይችልም። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች በየቤቱ የሚደጋገሙ የውስጥ አድራሻዎች እንጂ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቁ አይደሉም። ለሁሉም ክፍት የሚሆን ድረ ገጽ ቋሚ የውጭ አድራሻ፣ የማይቋረጥ መብራትና የማይጠፋ መስመር ይፈልጋል፤ ሆስቲንግ ለሚያከራይ ድርጅት የምንከፍለው በዋናነት ለእነዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ ትልልቆቹን ይወቁ

የፓይተኑ ሰርቨር ለመማሪያና ለሙከራ የተሠራ ስለሆነ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለእውነተኛ አገልግሎት እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ። በእውነተኛ ድረ ገጾች ላይ ከሚያጋጥሙዎት አንዱ አፓቼ ነው። አፓቼ እ.ኤ.አ. በ1995 የተነሣው፣ ሮብ ማኩል በአሜሪካው ኤንሲኤስኤ የኮምፒውተር ማዕከል ከጻፈው ቀደምት ሰርቨር ሲሆን፣ በየፎልደሩ በሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ማስተካከል ስለሚቻል የጋራ ሆስቲንግ አከራዮች ይወዱታል። ሌላው ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ኤንጂንኤክስ ነው፤ የተነደፈው በአንድ ማሽን ላይ አሥር ሺህ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ በማሰብ ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ቆሞ ጥያቄ እየተቀበለ ከኋላው ላለው የፒኤችፒ ወይም የኖድ ፕሮግራም ያስተላልፋል። 502 የሚለውን ቁጥር ሲያዩ ይህን አቀማመጥ ያስታውሱ፤ ፊት ያለው ሰርቨር ደኅና ነው፣ ከኋላ ያለው ግን ትክክለኛ መልስ አልሰጠውም። 500 ከሆነ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ስሕተት ተፈጥሯል፤ ዝርዝሩ ያለው በስሕተት ሎጉ ውስጥ ነው። በኡቡንቱ ላይ ይህን ሎግ ቫር ከሚለው ፎልደር ሥር ሎግ በሚለው ውስጥ ያገኙታል።

ደረጃ 10፦ ፋይሎቹን ወደ ሆስቲንግ ሲጭኑ

በኮምፒውተርዎ ላይ ይሠራ የነበረ ድረ ገጽ ከተጫነ በኋላ ፎቶዎቹ የሚጠፉበት የተለመደ ምክንያት የፊደል መጠን ነው። ዊንዶውስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፉ የፋይል ስሞችን አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል፣ ብዙዎቹ ሆስቲንጎችም በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ከካሜራ የመጣ ፎቶ ስሙ በትልቁ ጄፒጂ ሲያበቃ ኮዱ በትንሹ ከጠራው በቤት 200፣ በሆስቲንጉ 404 ይሆናል። ስሞቹን ሁሉ ከመጀመሪያው በትናንሽ ፊደልና ያለ ክፍተት መጻፍ ከዚህ ያድናል። የይለፍ ቃል የያዙ የማስተካከያ ፋይሎችንና የኮድዎን የለውጥ ታሪክ የሚይዘውን የጊት ፎልደር ለሕዝብ በሚከፈተው ፎልደር ውስጥ አያስቀምጡ፤ የፋይሎች ዝርዝር እንዳይታይም ይዝጉት። የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት ሌትስ ኤንክሪፕት ከተባለው አገልግሎት በነጻ ስለሚገኝ ያለ እሱ የይለፍ ቃል የሚቀበል ፎርም አይክፈቱ።

ሁሉም ከተጫነ በኋላ በከርል፣ ክፍተት፣ ዳሽና ትልቁ አይ፣ ክፍተት፣ ከዚያ የድረ ገጹን አድራሻ ጽፈው ሄደሮቹን፣ ማለትም በደረጃ 5 ያየናቸውን የመልሱን የመግቢያ መስመሮች፣ ብቻ ያስመጡ። የመጀመሪያው መስመር 200፣ ኮንቴንት ታይፑ ደግሞ ዩቲኤፍ 8 የሚል ከሆነ ሰርቨሩ በሚገባ እየመለሰ ነው። 301 ከሆነ «ሎኬሽን» የሚለው መስመር ወደየት እንደሚመራ ይዩ፤ በኤችቲቲፒኤስ ወደሚጀምረው የራስዎ አድራሻ መሆን አለበት፣ ትዕዛዙንም በአዲሱ አድራሻ ይድገሙት። 403 ካመጣ የፋይሎቹን የንባብ ፈቃድና የኢንዴክስ ፋይሉ በትክክለኛው ፎልደር ውስጥ መኖሩን ይመርምሩ።